የተሸከሙት ዘመን የት ይጻፋል?

ሰው ያልሠራውን ሠርቻለሁ ሲል ውሸታም እንለዋለን። የሠራውን ሳይናገር ሲቀርስ ምን እንለዋለን? ጥያቄው የፈላስፎች ብቻ ይመስላል፤ ዳሩ ግን ሥራ ፈላጊ ሁሉ ሕይወቱን በአንድ ገጽ ሊያሰፍር በተቀመጠ ቁጥር ይገጥመዋል።

እስቲ አንድ ወጣት በሐሳባችን እንሳል። በተማረበት ሙያ ሥራ ቢያጣ መርካቶ ወርዶ ጎጃም በረንዳ ሦስት ዓመት ሠርቷል፤ በመጀመሪያ ጭነት እያወረደና እየተሸከመ፣ በኋላም ባመነው ነጋዴ መደብር ዕቃ እየቆጠረና የዱቤ መዝገብ እየያዘ። ዛሬ «የሒሳብ ሠራተኛ፣ የሥራ ልምድ 2 ዓመት» ከሚል ማስታወቂያ ፊት ቆሟል። ሦስት መንገድ አለው። ያንን ዘመን ሰርዞ ልምድ የለኝም ማለት፤ እንደነበረ መጻፍ፤ ወይም ከሚያውቀው ድርጅት «ሒሳብ ሠራተኛችን ነበር» የሚል፣ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ማስጻፍ።

የመጨረሻው አያከራክርም። ቀጣሪውን ብቻ ሳይሆን እውነተኛ ማስረጃ ይዞ አብሮት የተሰለፈውን ሰውም ይዘርፋል። የመጀመሪያው ግን ያከራክራል። አውግስጢኖስ ከ1,600 ዓመት በፊት ስለ ውሸት ሲጽፍ፣ እውነትን መሸሸግና ሐሰትን መናገር አንድ አይደሉም ብሎ ነበር። እውነትም ማመልከቻ ኑዛዜ አይደለም። «የተማረ አይበረክትልንም» መባልን ፈርቶ፣ ለጥበቃ ሥራ ሲያመለክት ዲግሪውን የማያነሣ ሰው ማንን ጎዳ? መለኪያው ይህ ይመስለኛል፦ ቀጣሪው ነገ እውነቱን ቢሰማ «አታለልከኝ» ይላል ወይስ «ምነው ሳትነግረኝ?» ይላል? ይሁን እንጂ ቅጹ «የሥራ ልምድ» ብሎ ሲጠይቅ «የለም» ብሎ መጻፍ ዝምታ አይደለም፤ ቃል ነው።

ወጣቱን ብቻ መመርመር ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ስንቱ ማስታወቂያ ነው ከግል ድርጅት የሚቀርብ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆን አለበት የሚለው! የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ለሠራተኛው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ እንዲሰጥ ያስገድዳል። የበረንዳ ተሸካሚ አሠሪው ማን ነው? ጠዋት አንዱ፣ ከሰዓት ሌላው። ማኅተሙን ማን ያሳርፍለታል? መርካቶ ራሷ ሰው የምትመዝነው በሌላ ሚዛን ነው፦ «ማን ያውቅሃል? ተያዥህ ማን ነው?» እዚያ የጎረቤት ባለሱቅ ምስክርነት ከወረቀት ይልቅ ይከብዳል። ቢሮው ግን ያንን ምስክር አይጠራም።

ከቢሮው የሚብሰው ደግሞ የእኛው ንቀት ነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጁን በሥራው መስደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር። አዋጁ ምላስን ቢገታ እንኳ ልብን አልለወጠም፤ ዛሬም ሸክም የሥራ ልምድ ነው ስንባል ፈገግ የምንል ጥቂቶች አይደለንም። ያ ወጣት ሦስቱን ዓመታት ከወረቀቱ ሲፍቅ የሚፍቀው የእኛን ፈገግታ ፈርቶ ነው።

እንግዲህ እንደነበረ ይጻፍ እላለሁ። ሸክሙን ሸክም፣ መዝገብ መያዙን መዝገብ መያዝ ይበለው፤ አያሳንሰው፣ አያስጊጠውም። የቤት ኪራይ ቀኑ ደርሶበት ቢደብቀው ግን እኔ ድንጋይ አላነሣበትም። ከእርሱ ይልቅ ልጠይቅ የምሻው ጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠውን ነው፦ ሦስት ዓመት ሙሉ የሰው ንብረት ተሸክሞ አንድ ዕቃ ሳያጎድል ያደረሰን ሰው ልምድ የለህም የምትለው፣ ልምድ ማለት ምን ቢመስልህ ነው?