ካርታው ግድግዳ ላይ፣ ብክነቱ ወለል ላይ

ባለፈው ወር አንድ የጫማ ፋብሪካ ጎራ ብዬ ነበር። ስሙን አልጠራም። ሥራ አስኪያጁ በአክብሮት ተቀበለኝና ገና ሳልቀመጥ ወደ አንድ ግድግዳ ወሰደኝ። «የእሴት ፍሰት ካርታችንን ይመልከቱልን» አለኝ። ካርታው በቀለም ታትሞ፣ መስታወት ተደርጎለት፣ እንደ ሠርግ ፎቶ ተሰቅሏል። ቆረጣ፣ ስፌት፣ ፎርማ ላይ መወጠር፣ ሶል መለጠፍ፣ ማጠናቀቅ፣ ማሸግ በየሳጥናቸው ተደርድረዋል። ቀስቶቹ ቀጥ ብለው ይሄዳሉ። ከግርጌው ቀን ተጽፎበታል፤ አራት ዓመት ሆኖታል።

በሩን ከፍተን ወደ ማምረቻው ገባን። ከዚያው ግድግዳ ጀርባ የተሰፉ የጫማ ፊቶች በማዳበሪያ ከረጢት ታጭቀው እስከ መስኮቱ ተከምረዋል። አንዲት ልጅ እግር ከረጢቱ ላይ ተቀምጣ ስልኳን ትነካካለች።

«ምን እየጠበቅሽ ነው ልጄ?»

«ሶል አልመጣም ጋሼ።»

«መቼ ነው ያለቀው?»

«ማክሰኞ።»

ቀኑ ዓርብ ነበር። ከኋላችን የስፌት መኪናዎቹ ያለ ዕረፍት ይጮኻሉ። «እነዚያስ ለማን ነው የሚሰፉት?» አልኳት። «እነሱ የቀን ኮታ አለባቸው ጋሼ» አለችኝ።

ደሜ ፈላ። ያ በመስታወት የተከበረ ካርታ በስፌትና በሶል መካከል ያለው ቆይታ ግማሽ ቀን ነው ይላል። ልጅቷ አራተኛ ቀኗ ነው። ሥራ አስኪያጁ አጠገቤ ቆሞ ሁሉንም ሰምቷል፤ «አቅራቢው አስቸግሮን ነው» ብሎ አለፈው። አለፈው! እንግዳ በሚያየው ግድግዳ ላይ ግማሽ ቀን፣ ሠራተኛ በሚውልበት ወለል ላይ አራት ቀን። ይህ ውሸት ነው። ሌላ ስም የለውም።

ለመሆኑ ይህ ካርታ ምን ሊሠራልን ነበር የመጣው? አንድ ምርት ጥሬ ዕቃ ሆኖ ከገባበት በር ተነሥቶ ደንበኛ እስከሚረከብበት በር ድረስ የሚሄደውን መንገድ በአንድ ወረቀት ላይ ለማየት ነው። ደንበኛው ከላይ በቀኝ ይሳላል፣ አቅራቢው ከላይ በግራ፣ ትእዛዝ የሚያወርደው ቢሮ በመካከላቸው፣ የሥራ ደረጃዎቹ ከታች። በየደረጃው መካከል ተከማችቶ ለሚጠብቀው ዕቃ ሦስት ማዕዘን ይሳልለታል፤ ብዛቱም ተቆጥሮ ይጻፍበታል። ከሁሉም ግርጌ እንደ እርከን ከፍ ዝቅ የምትል መስመር አለች። በአንዱ እርከን ዕቃው የተኛበት ጊዜ፣ በሌላው እጅ የነካው ጊዜ ይጻፋል። አስደንጋጯ ያቺ መስመር ናት። በሥራ ዘመኔ ቆጥሬ የሞላኋቸው መስመሮች ሁሉ የነገሩኝ አንድ ነገር ነው፦ የሚሠራበት ጊዜ በደቂቃ ይቆጠራል፣ የሚተኛበት ጊዜ በሳምንት።

ጃፓኖቹ በቶዮታ ቤት የዕቃና የመረጃ ፍሰት ሥዕል ይሉት ነበር። ማይክ ሮዘርና ጆን ሹክ እ.ኤ.አ. በ1998 መጽሐፍ አድርገው ለዓለም ሲያቀርቡት ርእሱን «ማየትን መማር» አሉት። ሌላው ገጽ ቢቀር ርእሱ ብቻ ለእኛ ይበቃን ነበር። ሥዕሉ የሚሠራው በእርሳስ ነው። ሰዓት ይዞ፣ በእግር እየሄዱ፣ ከመውጫው በር ወደ ኋላ እየቆጠሩ። እርሳስ የተባለው ስለሚጠፋና ስለሚታረም ነው። በመስታወት የተከደነውን ማን ያርመዋል? ካርታውን በላፕቶፕ አሳምሮ የሣለው አሠልጣኝ ክፍያውን ተቀብሎ ሄዷል። ካርታው ሲሳል ሠራተኛው አልተጠየቀም። ኃላፊው ከቢሮው አልወጣም። ካርታው ግን ግድግዳ ላይ አለ!

«ጃፓኖቹ ሀብታም ስለሆኑ ነው» የምትሉኝ አትጠፉም። እ.ኤ.አ. በ1950 ቶዮታ ለመክሰር አንድ ሐሙስ የቀረው ኩባንያ ነበር። ያልተሸጠ መኪና ተከማችቶበት፣ ሠራተኛው አድማ መትቶበት፣ መሥራቹ ኪይቺሮ ቶዮዳ ኃላፊነቱን ለቅቆ ወጥቷል። የዚያው ኩባንያ ሰው ታይቺ ኦኖ የዛሬውን የቶዮታ አሠራር ያበጀው በዚያ ችጋር ውስጥ ነው። ሰባቱን ብክነት በስም የለየልንም እሱ ነው፦ ከሚፈለገው በላይ ማምረት፣ መጠበቅ፣ ማመላለስ፣ የማያስፈልግ ሥራ መጨመር፣ ክምችት፣ ከንቱ እንቅስቃሴ፣ የተበላሸ ምርት። የሁሉም እናት የመጀመሪያው ነው አለ፤ ከሚፈለገው በላይ ማምረት። ሶል በሌለበት ኮታ ለመሙላት የሚሰፋው የጫማ ፊት ማለት ነው። ኦኖ ወለሉ ላይ በጠመኔ ክብ እየሣለ መሐንዲሱን መካከሉ ላይ አቁሞ «ቆመህ እይ» ይለው እንደነበር ይነገራል፤ ለሰዓታት። ጠመኔ ስንት ብር ነው? መሐንዲስ ለማቆም ዶላር ያስፈልጋል?

ለእኛም ነገሩ እንግዳ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በጃፓን ድጋፍ ካይዘን የተባለው የማያቋርጥ መሻሻል አሠራር በ30 ድርጅቶች መሞከር ጀመረ፤ በ2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። አምስቱን «ማ» የፋብሪካ ሰው ሁሉ በቃሉ ይዟቸዋል፦ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። እስኪ አምስተኛዋን አሳዩኝ! ማዝለቅ የት ገባች? አሠልጣኙ እስኪሄድ እንጠርጋለን፣ ገምጋሚው እስኪመጣ ቀለም እንቀባለን፣ የምስክር ወረቀት ተቀብለን ከካርታው አጠገብ እንሰቅላለን። ከዚያ ወደ ድሮአችን።

እናቴ እንጀራ ስትጋግር ቁጭ ብዬ አይ ነበር። ሊጡ በቀኟ፣ ሰፌዱ በግራዋ፣ ማሰሻው ከጉልበቷ ሥር፣ ማገዶው እጇ በሚደርስበት ቦታ ነው። ጋግራ እስክትጨርስ ከበርጩማዋ አትነሣም። ምጣዱ ሳይሰማ አትጨልፍም። የመጀመሪያው ዐይን አውጥቶ፣ በስሎ፣ ወደ ሰፌዱ ሳይወጣ ሁለተኛውን አታፈስም፤ ምጣዱ የሚችለው አንድ ነዋ። ስንት አፍ እንዳለባትና እንጀራው በስንተኛው ቀን እንደሚሻግት ታውቃለች፤ ከዚያ አታልፍም። ካርታ አልሣለችም፣ ፍሰቱ ግን ዐይኗ ላይ ነው። እኛ የእሷ ልጆች፣ ዲግሪ ጭነን፣ ምጣዱ ሳይሰማ ሊጡን እንደፋዋለን። ሶል ሳይኖር እንሰፋለን። ኧረ እንፈር!

ጊዜውንም አስቡት። በሐምሌ 2016 የምንዛሪ ተመኑ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ማስቲሽ፣ ክርና ሶል በብር ስንት እንደሚገባ ከእኔ የተሻለ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። በዚያው ፋብሪካ አንድ ቆርቆሮ ማስቲሽ ክዳኑ ተከፍቶ ሲደርቅ በዐይኔ አየሁ። ሦስት ሰው እየረገጠው አለፈ። እያንዳንዱ ከረጢት ውስጥ የታሰረው ቆዳ ባንክ ወለድ የሚቆጥርበት ብር ነው። እንዲህ እያደረግን በየስብሰባው «ዶላር አጣን» ብለን እናለቅሳለን። ኢትዮጵያ ታምርት ብለን ባነር ዘርግተናል፤ ባነሩም ግድግዳ ላይ ነው። አገር የምታመርተው ወለል ላይ ነው እንጂ ግድግዳ ላይ አይደለም!

በጣም የሚያቃጥለኝ ደግሞ ኃላፊዎች ሲጠየቁ «ሠራተኛው ሰነፍ ነው» የሚሉት ነገር ነው። ያቺ ልጅ ሰነፍ ናት? ሶሉን ያላዘዘችው እሷ ናት? የስፌቱን ኮታ ያወጣችው እሷ ናት? ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነሥታ፣ በሁለት ታክሲ ተሳፍራ፣ ሰዓቷን ጠብቃ ፈርማ ገብታለች። ጉልበቷን ይዛ መጣች፤ እኛ ከረጢት ላይ አስቀመጥናት። የሰው ልጅ ዕድሜ እንደ ደረቀ ማስቲሽ ሲጣል ማየት ሕሊናን አይቆረቁርም?

ይህን ስል ፋብሪካው ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከዚያ ጉብኝት በሦስተኛው ቀን አንዲት የድጋፍ ደብዳቤ ፈልጌ አንድ የመንግሥት ቢሮ ሄድኩ። መግቢያው ላይ የዜጎች ቻርተር ተለጥፏል፤ እያንዳንዱ አገልግሎት በስንት ደቂቃ እንደሚያልቅ በሠንጠረዥ ተጽፏል። የእኔ ጉዳይ ሃያ ደቂቃ ነው። ሰኞ «ኔትወርክ የለም» ተባልኩ። ማክሰኞ «ማኅተም የያዘችው ስብሰባ ናት» ተባልኩ። ረቡዕ ፋይሉ ጠፋ፤ በኋላ ከዚያው ጠረጴዛ ሥር ተገኘ። ከኋላዬ አንዲት እናት ሕፃን አዝለው ቆመዋል፣ አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈው ያዛጋሉ። ሁላችንም ቀና ብለን የምናነበው «20 ደቂቃ» የሚለውን ነው። በየመሥሪያ ቤቱ መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ ሲባል ስንት ወረቀት ተሞላ፣ ስንት አበል ተበላ! ፋይሉ አሁንም ከአምስት ጠረጴዛ በላይ ይዞራል። ለምን እንደሚዞር የሚያውቅ የለም፤ ተከትሎት የሄደ የለማ።

ማባከን ኃጢአት መሆኑን ረስተናል። ጌታችን በጥቂት እንጀራ ያን ሁሉ ሕዝብ ካጠገበ በኋላ ቁርስራሹ እንዲሰበሰብ አዝዟል፤ አሥራ ሁለት መሶብ ሞላ። ሁሉን ማብዛት የሚችል አምላክ ቁርስራሽ ካስለቀመ፣ እኛ ማን ሆነን ነው የምንደፋው? ሙስሊም ወንድሞቻችንም ኢስራፍ፣ ማለትም ማባከን፣ ክልክል መሆኑን ከልጅነታቸው ይማሩታል። እምነታችን ሁሉ አንድ ቃል ይናገራል፤ እጃችን ግን አልሰማም።

ስለዚህ እባካችሁ፣ ፋብሪካ የምትመሩ፣ መስመር የምትቆጣጠሩ፣ ወርክሾፕ ያላችሁ፣ ዳቦ ቤት የከፈታችሁ ሁሉ፣ ሳይቃጠል በቅጠል በሉት። ነገ ጠዋት አንድ ወረቀት፣ አንድ እርሳስና አንድ ላጲስ ያዙ። ብዙ የሚሸጥላችሁን አንድ ምርት ብቻ ምረጡ። ከመጫኛው በር ተነሡና ወደ ኋላ ሂዱ። ዕቃ ተከምሮ ባያችሁበት ሁሉ ቁሙ፣ ቁጠሩ፣ ጻፉ። ከመዝገብ አትገልብጡ፣ በጣታችሁ ቁጠሩ። በየማሽኑ አጠገብ ያለውን ሰው «ምን እየጠበቅህ ነው? ቀጥሎ ምን እንደምትሠራ ማን ይነግርሃል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱን ሳትቆጡ ስሙ። የተኛበትን ጊዜ ለብቻ፣ የተሠራበትን ለብቻ ደምሩ። ድምሩ ያሳፍራችኋል፤ ያሳፍራችሁ፣ ማፈር ጥሩ ጅምር ነው። ከዚያ ከሁሉ ትልቁን ክምር ምረጡና እሱን ብቻ እስኪቀንስ ተከታተሉት። ለክምሩ ጣሪያ አውጡለት፤ ጣሪያው ሲሞላ ወደ ክምሩ የሚልከው ክፍል ያቁም። ኮታ ይቅር! ማንም ላልጠየቀው ሥራ የሚሰጥ ኮታ ብክነትን በደመወዝ መግዛት ነው። ከሦስት ወር በኋላ በአዲስ ወረቀት እንደገና ሂዱ።

ያንን በመስታወት ያለውን ካርታ ደግሞ ዛሬውኑ አውርዱት። እንግዳ ሲመጣ ባዶውን ግድግዳ አታሳዩት፤ እጁን ይዛችሁ ወደ ወለሉ አስገቡትና ከሠራተኛችሁ ጋር አስተዋውቁት። ዕለቱን ምን እየሠራች እንደሆነ ራሷ ትንገረው።