የባሌስትራው ዕዳ

ባሌስትራው የተሰበረው ደንገጎ ላይ ቢሆን ኖሮ ማንም አይከራከርም ነበር። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚወጣ የጭነት መኪና ያንን ጠመዝማዛ ዳገት ሲያያዘው አንድ ነገር ቢሰበርበት ያለ ነው፤ ተወቃሹ ዳገቱ ይሆናል፤ ዳገት ደግሞ ደመወዝ ስለሌለው አይቆረጥበትም። ይኼኛው ግን የተሰበረው ከተማ ውስጥ፣ ሳቢያን አካባቢ፣ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ነው። መኪናው ላይ ከጥቂት ጆንያ ሽንኩርት በቀር ጭነት አልነበረም። አንድ ደረቅ ድምፅ ተሰማና የኋላው ግራ ጎን ቁጭ አለ።

ባለመኪናው ደርሶ ሲያይ ነገሩ ወዲያው ተገለጠለት። ትናንት ደኅና ነበር፤ ዛሬ ተሰበረ። ዛሬ መሪውን የያዘው ሹፌሩ ነው። እንግዲህ ሰባሪው ማን ሊሆን ነው? የባሌስትራውን ዋጋና መኪናው የሚቆምበትን ቀን ኪሳራ ከሁለት ወር ደመወዙ ላይ እንደሚቆርጥ እዚያው ጉብታው ላይ ቆሞ ነገረው።

"አቦ፣ በፈጠረህ! ሕፃን በሳይክል የሚያልፈው ጉብታ እኮ ነው!" አለ ሹፌሩ። ቃል ቃልን ወለደ፤ ነገሩ ሽማግሌ ዘንድ ደረሰ።

ሦስት ሽማግሌዎች ከዚራ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጡ። አንዱን ባለመኪናው መረጠ፣ አንዱን ሹፌሩ። ሦስተኛውን ሁለቱም ተስማሙባቸው፤ ዕድሜያቸውን ምድር ባቡር ጥገና ክፍል የጨረሱ፣ የፉርጎ አክስል በመዶሻ እየመቱ ድምፁን ሲያዳምጡ የኖሩ ሰው ናቸው። የሁለቱ ሽማግሌዎች ሐሳብ ገና ሳይቀመጡ የታወቀ ነበር፤ ግማሽ ግማሽ ክፈሉና ተሳሳሙ። የባቡሩ ሰው ግን "ስብራቱን ሳላይ አልፈርድም" አሉ።

ባሌስትራው በማዳበሪያ ጆንያ ተጠቅልሎ መጣ። ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው የተሰበረውን ገጽ ወደ ብርሃን አዞሩት። ገጹ ሁለት ዓይነት ነበር። ከላይኛው ጠርዝ ጀምሮ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ልስልስ ነው፤ ጠቁሯል፤ ዝገትም ይዞታል። ቀረብ ብሎ ላየው ሰው አንዱ በሌላው ውስጥ የተሠመሩ ደቃቅ ቅስቶች አሉበት። የቀረው ሸካራ ነው፤ ያብለጨልጫል፤ ዝገት የሚባል አልነካውም።

"ዛሬ የተሰበረው ይኼ ነው" አሉ የሚያብለጨልጨውን በጣታቸው እየነኩ። ጣታቸውን ወደ ጥቁሩ አሻገሩና፣ "ይኼኛው ግን ከርሟል። ዝገት በአንድ ጠዋት እዚህ ድረስ አይገባም። እያንዳንዷ ቅስት ስንጥቁ ቆም ብሎ እንደገና የተነሣባት ድንበር ናት። ልጁን መቼ ነው የቀጠርከው?"

"ዘንድሮ" አለ ባለመኪናው። ትንሽ አሰበና ሌላ መንገድ ያዘ። "እንዲያ ከሆነ ዕቃው ፎርጅድ ነው። ይኸው፣ ውስጡ አሸዋ አሸዋ ይላል!"

ሽማግሌው ይህን አባባል የሚያውቁት ከፈረንሳይ አለቆቻቸው ዘመን ጀምሮ ነው። እ.ኤ.አ. ሜይ 8 ቀን 1842 ከቬርሳይ ወደ ፓሪስ የሚመለስ ባቡር ሜዶን አጠገብ ሲደርስ የፊተኛው ሎኮሞቲቭ አክስል ተሰበረ። ፉርጎዎቹ እየተደራረቡ ወጡ፤ ከምድጃው የተበተነው ፍም አቀጣጠላቸው፤ በሮቹ ደግሞ ተቆልፈው ነበር። ከ50 የማያንሱ ሰዎች አለቁ፤ የዓለምን ባሕር ዞሮ የመጣው መርከበኛ ዱሞን ዱርቪል ከነሚስቱና ከነልጁ እዚያው ቀረ። የዘመኑ መሐንዲሶች የተሰበሩ አክስሎችን እያዩ፣ "ብረቱ ከመንቀጥቀጥ ብዛት ባሕርዩን ለውጦ ጥሬ ጥሬ ሆኗል" ይሉ ነበር። ጥሬው ግን ዱሮም ብረቱ ውስጥ አለ፤ ድንገት ሲሰበር ይታያል፣ ያ ብቻ ነው። በዓመቱ ራንኪን የተባለ ስኮትላንዳዊ የተሰበሩ አክስሎችን መርምሮ ስንጥቁ አክስሉ በድንገት ከሚቀጥንበት ጠርዝ እንደሚነሣና ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ እንደሚገባ አሳየ። ሽማግሌው ይህን ያወሩት ባለመኪናው ሰምቶ እስኪጨርስ ጆንያው ላይ በጣታቸው መታ መታ እያደረጉ ነው።

ከዚያ ቅስቶቹ ሁሉ ወደ ዞሩበት ነጥብ ወሰዱት። ከላይኛው ጠርዝ ላይ አንዲት ትንሽ የብየዳ ጠባሳ ነበረች። አምና ሻንሲውን የበየደው ሰው ኤሌክትሮዱን ለመለኮስ ባሌስትራው ላይ ጫር አድርጎታል፤ በያጆች አጠገባቸው ባገኙት ብረት ላይ እንደሚያደርጉት ነው። ካርቦን የበዛበት የባሌስትራ ብረት ለቅጽበት ቀልጦ ወዲያው ሲቀዘቅዝ ያቺ ነጥብ ትደርቃለች፤ መታጠፍ አትችልም፣ ትሰነጠቃለች። በዚያ ላይ ጭነት ሲያርፍበት የላይኛው ገጽ ይወጠራል፣ የታችኛው ይታመቃል። ስንጥቅ የሚፋፋው በሚወጠረው በኩል ነው። በያጁ የባሌስትራውን የታች ገጽ ጭሮት ቢሆን ኖሮ ምናልባት ይህ ሽምግልናም አይኖርም ነበር።

"እንግዲህ በያጁ ይክፈል!" አለ ባለመኪናው።

"ቆይ። ጠባሳዋ በሩን ከፈተች፤ የገባው ማነው? ደብተሩን አምጣው።"

ባለመኪናው ደብተር ነበረው። ሹፌሩ ናፍጣ እንዳይሰርቀው የየጉዞውን ኩንታልና ሊትር ሳያስተጓጉል ይጽፋል። አሁን ያንኑ ደብተር በገዛ እጁ አቀረበ።

ሽማግሌው በወረቀት ላይ እንዲህ አሰሉ። ሕጋዊውን 50 ኩንታል ብቻ እየጫነ የድሬዳዋንና የሐረርን መንገድ ቢመላለስ፣ ጠባሳ ያለበት ባሌስትራ 3000 ምልልስ ይችላል እንበል። እያንዳንዱ ምልልስ ከዕድሜው ላይ ከ3000 አንድ እጅ በላ ማለት ነው። ጭነቱ 75 ኩንታል ሲሆን አንድ ተኩል እጥፍ ሆነ። ጉዳቱስ? "አንድ ተኩል እጥፍ" ብሎ ከተፍ አለ ባለመኪናው። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። አንድ ተኩልን አምስት ጊዜ ጽፎ እርስ በርሱ ማባዛት ነው፤ ሰባት ተኩል እጥፍ ያህል ይመጣል። ስለዚህ 75 ኩንታል የሚችለው 400 ጊዜ ነው። 100 ኩንታል ከሆነ ደግሞ ሁለትን አምስት ጊዜ ማባዛት፣ 32 እጥፍ፤ የሚችለው ወደ 94 ጊዜ።

ደብተሩ በ50 ኩንታል 400 ምልልስ፣ በ75 ደግሞ 200 ምልልስ መዝግቧል። 20 ምልልስ ላይ "የአማቼ ቤት ድንጋይ፣ 100 ኩ." ይላል። 400ው ከ3000 ሲታይ ከመቶ 13 እጅ ነው። 200ው ከ400 ሲታይ 50 እጅ። ሃያው ከ94 ሲታይ 21 እጅ። በቁጥር ትልቁ የምልልስ ክምር ትንሹን ጉዳት አደረሰ።

ይህ ስሌት ባለቤት አለው። ፓልምግሬን የተባለ ስዊድናዊ እ.ኤ.አ. በ1924 ለኩሽኔታ፣ ማይነር የተባለ አሜሪካዊ በ1945 ለአውሮፕላን ብረት አውጥተውታል፤ ድርሻ ድርሻው ተደምሮ አንድ ሲሞላ ዕቃው አለቀ ይላሉ። ከእነሱ በፊት ቮለር የተባለ ጀርመናዊ የባቡር መሐንዲስ አክስሎችን በማሽን እያሽከረከረ፣ ጫናው በከበደ መጠን የሚችሉት ዙር እንደሚያንስ፣ ከአንድ ልክ በታች ከሆነ ግን ብረቱ ሳይሰበር እንደሚዘልቅ አሳይቷል። ባዶ መኪናና ጥቂት ጆንያ ሽንኩርት ከዚያ ልክ በታች ናቸው። ስንጥቅ ከገባ በኋላ ግን ያ ልክ አይሠራም፤ ሽንኩርቱም ይቆጠራል።

ባለመኪናው ብልህ ነጋዴ ነው፤ ቀዳዳ ፈለገ። "አባባ፣ ደብተሬ ኩንታል እንጂ ጉድጓድ አይጽፍም። አንዱ ጉድጓድ ጥልቅ ነው፣ አንዱ ጠጠር ነው፤ አንዱ በዝግታ ይታለፋል፣ አንዱ በሩጫ። ይህን ሁሉ ማን ቆጠረው?"

ጥያቄው ከባድ ነው፤ መሐንዲሶችንም ለረጅም ዘመን አስቸግሯል። በመንገድ ላይ ያለ ብረት በሥርዓት አይመታም፤ ትልቁና ትንሹ ይደባለቅበታል። ከትልቁ ውጥረት ሳይመለስ በመሃል ትንንሽ ንዝረቶች ይገቡበታል። ማትሱይሺና ኤንዶ የተባሉ ጃፓናውያን እ.ኤ.አ. በ1968 አንድ ዘዴ አመጡ፤ እያንዳንዱን ከፍታ ከዝቅታው ጋር አጣምሮ፣ ትልቁ ዑደት በትንሹ ሳይቆራረጥ ለብቻው፣ ትንሹም ለብቻው እንዲቆጠር የሚያደርግ ነው። ያለዚያ አንድ ትልቅ መወጠር እንደ ብዙ ትንንሽ ተቆጥሮ ጉዳቱ ይደበቃል፤ ጉዳት የሚበዛው በትልቁ ነውና። ሽማግሌው የጃፓኖቹን ዘዴ ሰምተው አያውቁም። የመለሱት እንዲህ ነው፦ "መንገዱ ያው አንድ መንገድ ነው። ጉድጓዱ ሁሉ በእያንዳንዱ ምልልስ ውስጥ አለ፤ ምልልሱን ከቆጠርኩ ጉድጓዱን ቆጠርኩ። የትኛው በፊት መጣ የሚለውን ግን አልያዝኩም። እሱ ጥቂት እጅ ሊያሳስተኝ ይችላል፤ ብስት ግን ሁለታችሁንም እኩል ነው።"

"መቶ ኩንታል ጭኜበት ችሏል እኮ! ፈትኜዋለሁ!"

"ሃያ ጊዜ ቻለ። ዘጠና አራት ጊዜ የመቻል አቅም ነበረው፤ ሃያውን በላህበት።"

አንድ ጊዜ ከቻለ ሁልጊዜ ይችላል የሚለው ሐሳብ ከባለመኪናችን እጅግ የተማሩ ሰዎችንም አታሏል። ኮሜት የተባለው የእንግሊዝ ጄት ለመንገደኛ ከመዋሉ በፊት አካሉ ከሥራ ግፊቱ እጥፍ በሚደርስ ኃይል ተነፍቶ ተፈትኖ ነበር፤ ቻለ። ያው የተፈተነ አካል በኋላ ደጋግሞ ሲነፋ ከ15 ሺህ ጊዜ በላይ ስለቆየ ሁሉም ተረጋጋ። ያልገባቸው፣ የመጀመሪያው ኃይለኛ ንፊት ሥጋት ያለባቸውን ማዕዘኖች ለጥጦ ያንን አንድ አካል ብቻ እንዳጠነከረው ነው። ለመንገደኛ የተሠሩት እንዲያ አልተነፉም። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1954 አንዱ ኤልባ ደሴት አጠገብ ከ1290 በረራ በኋላ፣ በኤፕሪል ሌላው ኔፕልስ አጠገብ ከ900 በረራ በኋላ አየር ላይ ተበተኑ። መርማሪዎች ፋርንቦሮ ላይ ሌላ ኮሜት ውኃ ገንዳ ውስጥ ከተው ደጋግመው ሲነፉት፣ ቀድሞ የበረረው ተደምሮ በ3057ኛው ተቀደደ። ፈተናው ለአንድ ጥያቄ መልስ ሰጥቶ ነበር፤ እነሱ ደግሞ ለሌላ ጥያቄ ተጠቀሙበት።

ባለመኪናው የመጨረሻውን ጥይት ተኮሰ። "ክረምቱን ሙሉ እኮ ቆሞ አርፏል።"

"በሬ ቢያርፍ ይበረታል" አሉ ሽማግሌው። "ብረት የተበላውን አይተካም። ክረምቱን ያተረፍከው ይህን ዝገት ነው።"

ፍርዱ እንዲህ ተሰጠ። 13ቱ እጅ የማንም ጥፋት አይደለም፤ ባሌስትራ የተገዛው ለዚያ ሥራ ነው። 75 ጫን ያለውም፣ ለአማቹ ድንጋይ መኪና ያዋሰውም ባለመኪናው ስለሆነ 71 እጁ የራሱ ነው። ከቀረው 16 በያጁ 10 ይውሰድ። እዚህ ላይ ሽማግሌው ለበያጁ ሳያደሉ አልቀሩም፤ ጠባሳዋ ባትኖር 3000 ያሉት ቁጥር ራሱ ከፍ ይል ነበር። በድሬዳዋ ግን ባለሙያ ባለሙያን ቶሎ አይጥልም። ከዚያ ወደ ሹፌሩ ዞሩ፦ "አንተስ ልጄ፣ ማታ ከሐረር ስትወርድ ቀስ ትላለህ?" ሹፌሩ መሬት መሬት አየ። ስድስቱ እጅ የእሱ ሆነ። የጉብታው ድርሻ ከሂሳቡ ውስጥ አልተገኘም።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ለምርቃት ሊነሡ ሲሉ የባቡሩ ሰው "የቀኙስ?" አሉ።

"የቀኙ ምን?"

"የቀኙ ባሌስትራ። ያንኑ 400፣ ያንኑ 200፣ ያንኑ 20 ተሸክሟል።"

የቀኙ ደኅና ነው፣ በዓይን ታይቷል፤ ግራው በአዲስ ተቀይሮ መኪናው 75 ኩንታል ሲሚንቶ ጭኖ ለሐረር ሊነሣ ነው ተባለ። ሽማግሌው ከዘራቸውን ይዘው ሄዱ። መኪናው ሥር ጆንያ አስነጥፈው ገቡና የቀኙን ባሌስትራ አስጠረጉት። ከአክስሉ ጋር የሚታሰርበትን ጠርዝ ናፍጣ ቀቡትና ጥቂት ቆዩ፤ ናፍጣውን በጨርቅ አደረቁት፤ ከትምህርት ቤት የመጣ ጠመኔ ፈጭተው ነፉበት። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የገባው ናፍጣ ተመልሶ ይወጣና ጠመኔውን ያረጥበዋል። በጥገና ክፍሉ አክስል የሚመረምሩት በዚሁ ዓይነት ነበር።

ባለመኪናው ጎንበስ ብሎ አየ። በነጩ ላይ ጥቁር መስመር ሳብ ብሎ ወጣ፤ ከጠርዙ እስከ መሃል።

"አውርዱት" አለ።

የወዛደሮቹ አለቃ ሒሳብ ማን እንደሚችል ጠየቀ። ባለመኪናው ሹፌሩን ገልመጥ አደረገው፤ ሽማግሌዎቹን አየ፤ ደብተሩን አውጥቶ፣ "አባባ፣ ይኼንን በየትኛው ሥር ነው የምጽፈው?" አለ።

"በሰባ አምስቶቹ ሥር" አሉ ሽማግሌው ጉልበታቸውን እያራገፉ።

ወዛደሮቹ ደብተር አላስፈለጋቸውም። ጭነው 75፣ አውርደው 75፣ የ150 ኩንታል ሒሳባቸውን ተቀብለው ሄዱ።