ከፋብሪካው በር ሲወጡ

ከሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተቀነሱ ሴቶች ነገር በተነሳ ቁጥር ጭቅጭቁ አንድ ነው። አንዱ «ሥራ ሞልቷል፤ እነሱ ሥራ ይመርጣሉ» ይላል። ሌላው «ሙያ አላቸው፤ የተሻለ የሚከፍል ቀጣሪ ይፈለግላቸው» ይላል። የመጀመሪያው ያናድደኛል። የሚያሳስበኝ ግን ሁለተኛው ነው፤ ለሴቶቹ ያዘነ ሰው የሚናገረው ስለሆነ ማንም አይመረምረውም። አላቸው የተባለው ሙያ ከፋብሪካው በር ሲወጡ አብሯቸው ይወጣል?

ሥራውን ያጡት በራሳቸው ጥፋት አይደለም። በሰሜኑ ጦርነት ሳቢያ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ከቀረጥ ነፃ የአሜሪካ ገበያ ዕድል ከሚሰጠው አጎዋ አስወጣች። በፓርኩ ቀዳሚ የነበረው የአሜሪካ የልብስ ኩባንያ ፒቪኤች ፋብሪካውን እንደሚዘጋ ያስታወቀው ከዚያም ቀደም ብሎ፣ በኖቬምበር 2021 ነው።

አንድ ሸሚዝ በፋብሪካው የስፌት መስመር፣ ላይኑ ላይ፣ በብዙ እጅ ያልፋል። አንዷ ኮሌታ ትገጥማለች፣ አንዷ እጅጌ፣ አንዷ ቁልፍ። ሦስት ዓመት ኮሌታ የገጠመችን ልጅ በኮሌታ የሰፈሩ ልብስ ሰፊ አይደርስባትም። ሰፈር ውስጥ ግን ኮሌታ ብቻ የሚያሰፋ ደንበኛ የለም። ልክ መውሰድ፣ ጨርቅ መቁረጥ፣ ቀሚስ ጨርሶ ማስረከብ ማንም አላሳያትም። ፍጥነቷ ላይኑ ሲቆም አብሮ ይቆማል።

«የተማረችው ስፌት ብቻ አይደለም» ይሉኛል፤ ይህን ተቃውሞ በቀላሉ ላልፈው አልቻልኩም። በሰዓት መግባት፣ የቀኑን ኮታ መሙላት፣ ከሱፐርቫይዘር ጋር ተነጋግሮ ፈቃድ መውሰድ፣ ከቤተሰብ ርቆ በራስ ደሞዝ ማደር። እውነት ነው፤ ከገጠር መጥታ ከጓደኞቿ ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ የኖረች ልጅ እንደ አመጣጧ አይደለችም። ግን ለዚህ ለውጥ ደሞዝ የሚጨምርላት ማነው? ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን የተባሉ ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ ባሉ አምስት ድርጅቶች ሥራ ፈላጊዎችን በዕጣ ለይተው ተከታትለዋል። ፋብሪካ ከገቡት አብዛኞቹ በወራት ውስጥ ለቀቁ፤ ገቢያቸውም ሥራውን ካላገኙት አልበለጠም። በፋብሪካ ሥራ ፈንታ 300 ዶላር ያህልና አጭር የንግድ ሥልጠና የተሰጣቸው ግን ከዓመት በኋላ ገቢያቸው በሲሶ ያህል ጨመረ። እዚህ ላይ ባቆም ይመቸኝ ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ ሲጠየቁ ግን ያ ልዩነት ጠፍቶ ነበር። ደግሞም በወራት የለቀቀች ልጅ ለዓመታት ስለቆየችው ብዙ አትነግረንም። የማሽን መካኒኩ፣ የጥራት ተቆጣጣሪዋ፣ ላይን የምትመራዋ ይዘው የሚወጡት እንዳላቸውም አልክድም። ስለዚህ ጥያቄዬ ጠበበ፦ ፋብሪካው ማንን ለማስተማር መረጠ?

ከዚህም ይበልጥ የሚያናጋኝ አለ። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የንግድ ትምህርት ቤት በ2019 ባወጣው ጥናት፣ የልብስ ስፌት ሠራተኛ መነሻ ደሞዝ በወር 26 ዶላር ነበር። ያቺው ልጅ ለቤት ሠራተኝነት ሳዑዲ ስትሄድ ውሏ ላይ የሚጻፍላት 1000 ሪያል ነበር፤ አሥር እጥፍ ግድም። የምትሠራው ደግሞ እናቷ ቤት እያለች ያወቀችውን ነው። (ደሞዙ በወቅቱ መከፈሉ፣ የቤቱ ሰው አያያዝ፣ ሌላ ጭንቀት ነው።) ደሞዝን የሚወስነው ሙያ ካልሆነ፣ ለተቀነሱት ሙያ መኖሩ ምን ይጠቅማቸዋል?

መልሴ ግማሽ ብቻ ነው። ሴቶቹ በተቀጠሩበትም ሆነ በተቀነሱበት ጊዜ በአገሪቱ ለግል ቀጣሪ የተደነገገ ዝቅተኛ ደመወዝ አልነበረም። ሕግ ወለል ባላስቀመጠበት ቦታ «በዚህ አልሠራም» ማለት የምትችለው ሌላ የምትሠራው ያላት ሴት ናት፤ ያ ጥቂት ጉልበት ነው፣ ግን ጉልበት ነው። ስለዚህ የሚቀጥለው ባለሀብት ሲመጣ፣ ኮሌታ የምትገጥመው ወደ ቆረጣ፣ ከቆረጣ ወደ ጥራት ቁጥጥር በየጊዜው እንድትዘዋወር በውሉ እንዲጻፍ እፈልጋለሁ። ምርት ይቀንሳል ይሉኛል፤ መቀነሱ አይቀርም። እስካሁን ኪሳራውን ለብቻዋ የተሸከመችው እሷ ናት፣ ባለሀብቱም ይካፈላት እላለሁ። ይህን ስንጠይቀው ጥሎን ይሄዳል የሚለው ስጋት ግን እኔንም አልለቀቀኝም።