ከምቱ በፊት የሚቆረጥ ምሕረት

ድርጊትን በጎ ወይም ክፉ የሚያሰኘው የታሰበው ነው ወይስ የተፈጸመው የሚለው የሥነ ምግባር ፍልስፍና ጥያቄ፣ ባልተጠበቀ ቦታ፣ በጠረጴዛ ላይ በሚካሄዱ የሚና ጨዋታዎች ደንብ ውስጥ፣ በቁጥር ተሰልቶ ይገኛል። የሚና ጨዋታ ማለት ጥቂት ሰዎች እያንዳንዳቸው የአንድ ምናባዊ ገጸ ባሕርይ ሚና ይዘው፣ በጨዋታ መሪ ትረካና በሚወረወር ዳይስ እየተመሩ በጋራ ታሪክ የሚሠሩበት ጨዋታ ሲሆን፣ ከእነዚህ ጨዋታዎች ስመ ጥሩው ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርንሰን እ.ኤ.አ. በ1974 ያሳተሙት «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» ነው። በዚህ ጨዋታ የአንድ ፍጡር ጽናት «የሕይወት ነጥብ» በሚባል ቁጥር ይለካል፤ «የማይገድል ጉዳት» የሚባለው ደንብም ባላንጣን ሳይገድሉ ራሱን አስቶ ለመጣል የተደነገገ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የተሻሻለው ሦስተኛ እትም፣ በሰይፍ ሳይገድል መምታት የሚፈልግ ሰው ሐሳቡን ዳይሱን ከመወርወሩ በፊት እንዲናገርና ከሚያገኘው ውጤት ላይ አራት እንዲቀነስበት ያዛል። የመከላከያ ቁጥሩ፣ ማለትም እሱን ለመምታት ሊደረስበት የሚገባው ውጤት፣ 15 የሆነ አንድ የበር ዘበኛ ቢታሰብ፣ በዳይሱ ላይ አምስት የሚጨመርለት ሰይፈኛ ባለ ሃያ ገጹን ዳይስ ወርውሮ 10 ወይም ከዚያ በላይ ካወጣ ዘበኛውን ይመታዋል፤ ይህም ከመቶ 55 ዕድል ነው። ሊምረው ከፈለገ ግን 14 ማውጣት ስለሚኖርበት ዕድሉ ወደ 35 ይወርዳል፤ በሳተ ቁጥር ደግሞ የዘበኛው ጦር በተራው ይመጣበታል። ምሕረት እዚህ ዋጋ አላት፣ ከፋዩም መሓሪው ራሱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው አምስተኛ እትም ይህን ዋጋ አነሣው። በቅርብ ምት የባላንጣውን ነጥብ ወደ ዜሮ ያወረደ ተጫዋች፣ ጉዳቱ በደረሰባት ቅጽበት «አልገደልኩትም፣ ራሱን ብቻ ስቷል» ማለት ይችላል። ደንቡ ለጀማሪ መቅለሉና ምርኮኛን ማትረፍ ማበረታታቱ አይካድም፤ ነገር ግን ውጤቱ ከታወቀ በኋላ የሚመረጥ ሐሳብ በእውነት ሐሳብ ሊባል አይችልም። ሰይፉ ሲሰነዘር ተጫዋቹ ለመግደልም ለማዳንም አልቆረጠም ነበርና፣ ምሕረቱ በሬሳና በሕያው መካከል ከሚደረግ ምርጫ አያልፍም።

ይህ የሐሳብ ጥያቄ ከጨዋታው እጅግ ይቀድማል፤ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነገረ መለኮት ሊቁ ቶማስ አኩዊናስ ስለ ራስ መከላከል ሲጽፍ፣ አንድ ድርጊት ሁለት ውጤት ሊኖረው እንደሚችል፣ የሚመዘነውም በታሰበው እንጂ ከሐሳብ ውጭ በመጣው እንዳልሆነ አስረድቶ፣ ከሚያስፈልገው በላይ ኃይል መጠቀምን ግን ከልክሏል። ኦሪት ዘኍልቍ በምዕራፍ 35 ሐሳብን የሚፈልገው በሌላ መንገድ ነው፤ በብረት፣ በድንጋይና በእንጨት መሣሪያ መትቶ የገደለውን ነፍሰ ገዳይ ሲል፣ መሣሪያው ስለ መቺው ልብ እንዲመሰክር ያደርጋል፤ ሆኖም በጠላትነት ከሆነ ባዶ እጅም ቢሆን ያስጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው «ፓዝፋይንደር» የተባለ የሚና ጨዋታ፣ ከሐሳብ አልፎ ድርጊቱንም ወደሚመለከተው ወደዚህ ጥንቃቄ ቀርቦ፣ የማይገድል ጉዳት ከተመቺው ሙሉ የሕይወት ነጥብ ጋር ከተስተካከለ ወዲያ የሚጨመረው ምት ሁሉ እንደ ገዳይ እንዲቆጠር ደንግጓል፤ አለመግደልን ያሰበ ዱላም ካላቆመ ይገድላልና።

ነገር ግን እነዚህ ደንቦች በመቺው ሐሳብ ላይ ሲጠበቡ ተመቺውን ቶሎ ይረሱታል። በ2003ቱ እትም የማይገድል ጉዳት በየሰዓቱ በተጎጂው የብቃት ደረጃ ቁጥር ልክ ስለሚሽር፣ 12 ነጥብ የተመታው አንደኛ ደረጃ ዘበኛ ከ12 ሰዓት በኋላ ምንም እንዳልደረሰበት ሆኖ ይነሣል፤ ሒሳቡም በዚያው ይዘጋል። ኦሪት ዘጸአት በምዕራፍ 21 ግን፣ በጠብ መካከል በድንጋይ ወይም በጡጫ ተመትቶ ሳይሞት አልጋ ላይ የዋለው ሰው በምርኩዝ ተደግፎ ከወጣ መቺውን ከሞት ፍርድ ነጻ ቢያደርገውም፣ ተመቺው ሥራ ፈትቶ ለተኛባቸው ቀናትና ለመድኃኒቱ እንዲከፍል ያስገድደዋል።