«ቀን ከደረሰ» ለሚሉ ሞተረኞች

«ቀን ከደረሰ ሄልሜት አያድንም።» ድሬዳዋ ውስጥ ሞተር የሚነዳ ሰው ይህን አባባል ሳይሰማ አይከርምም። የከዚራ ሰፈርም የመጋላ ሰፈርም ሰው፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም እኩል ይለዋል። በቅርቡ ሞተር የገዛው የእህቴ ልጅም ይህንኑ ነገረኝ፤ ታንከሩ ላይ የገብርኤልን ሥዕል ለጥፎ፣ ሄልሜቱን ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ። እኔም ለዓመታት ትቼው ወደ ሞተር የተመለስኩ ሰው ነኝና ነገሩን በዋዛ ላልፈው አልቻልኩም። የእምነት ጥያቄ ነው፣ በእምነት ሊመለስም ይገባዋል።

ዕድሜ በእግዚአብሔር እጅ እንደሆነ አምናለሁ። ቀኔን ግን አላውቀውም፣ እንዳውቀውም አልተፈቀደልኝም። የታዘዝኩትን አውቃለሁ። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ለጣራው መከታ እንዲያበጅ ታዟል፤ ሰው ወድቆ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን። የወደቀው ሰው ቀኑ ደርሶ ይሁን አይሁን ሕጉ አያነሳም፤ የሚይዘው ባለቤቱን ነው። ዲያብሎስም ጌታን ከመቅደስ ጫፍ ራስህን ወርውር ሲለው መላእክት እንደሚጠብቁት ከመዝሙር ጠቅሶለት ነበር። ጌታ ግን አልዘለለም፤ ነገሩን አምላክን መፈታተን ብሎ ነው የመለሰው።

ጎረቤቴ ሐጂ በእነሱ በኩል ያለውን አጫውተውኛል። ግመሉን አስሮ በአላህ ስለ መመካት የተነገረውን ድሬ ውስጥ የማያውቅ የለም። እሳቸው የሚወዱት ግን የኸሊፋ ዑመርን ታሪክ ነው። ዑመር ወደ ሻም ሲጓዙ፣ ሰርግ የምትባል ቦታ ሲደርሱ፣ አገሩ ላይ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ሊመለሱ ወሰኑ። የጦር አዛዣቸው አቡ ዑበይዳ ይህ ከአላህ ውሳኔ መሸሽ አይደለም ወይ ቢሏቸው፣ ሽሽቱም ቢሆን ከአላህ ውሳኔ ወደ አላህ ውሳኔ እንደሆነ መለሱ። ግመሎችህን ይዘህ አንዱ ዳገቱ ለምለም፣ ሌላው ደረቅ የሆነ ሸለቆ ብትወርድ፣ ለምለሙ ላይም ደረቁ ላይም ብታሰማራ በአላህ ውሳኔ ነው አሏቸው።

ከተማችንም ይህን በኑሮ ታውቀዋለች። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። ከዚያ በኋላ በወንዙ ዳር ግንብ ሲሠራ «እምነት አነሳችሁ» ያለ ሰው አልሰማሁም። ታዲያ ለወንዝ ግንብ ከተሠራ ለራስ ቅል ምን ይከለክላል? ብዙ ጥናቶችን ያሰባሰበ ምርመራ ሄልሜት በሞተር አደጋ የመሞትን ዕድል በ42 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ሙቀቱን አውቃለሁ፤ በግንቦት እኩለ ቀን ላብ ዓይን ውስጥ ይገባል። ስስ የጥጥ ሻሽ ከሥር ማሰር ይረዳል፤ ማሰሪያውን መፍታት ግን አይሆንም።

ደቻቱ ዳር ሌላም ነገር አለ። ዝናብ ካባራ በኋላ ጎርፉ አስፋልቱ ላይ ደቃቅ አሸዋ ትቶ ይሄዳል፤ ዓይን አስፋልት ያያል፣ ጎማው ግን ያለው አሸዋ ላይ ነው። በደረቅ መንገድ ክብደቱ ወደፊት ስለሚጫን ዋናው ማቆሚያ የፊት ፍሬን ነው። መሪህን አዙረህ አሸዋ ላይ ከያዝከው ግን የፊት ጎማው ይሸሽና ይጥልሃል። ፍጥነቱን ቀድመህ ቀንስ፣ ሞተሩን ቀጥ አድርገህ እለፍ። እንደ እኔ ለተመለሰ ሰው ደግሞ እጅና እግር ፍሪሲዮንና ማርሹን አይረሱም፤ ባጃጅ ተሳፋሪ ሊጭን ድንገት ሲቆም ግን ፍሬን ላይ የሚደርሱት ከድሮው ዘግይተው ነው። ስለዚህ ገበያው ሳይሞላ፣ በማለዳ፣ መቆምን ብቻ ደጋግሜ ተለማመድኩ።

ከጫት በርጫ ተነስቶ በምርቃና ሞተር የሚያስነሳ ሰው ደግሞ ያስፈራኛል። ምንም አይነካኝም የሚለው ስሜቱ እምነት ይመስለዋል፤ አይደለም፣ ከሰዓታት በኋላ የሚበርድ ሙቀት ነው።

ከሁሉም የሚከብደኝ ግን ኋላ የተፈናጠጠው ሰው ነገር ነው። እኔ ቀኔን ለፈጣሪ ብተው የራሴን ነው የተውኩት። የሌላውን ቀን ማን ሰጠኝ? የጣራው ሕግም የተጻፈው ለእንግዳው ነው። የእህቴ ልጅ ለታኅሣሥ 19 የገብርኤል በዓል እናቱን አፈናጦ ቁልቢ ሊወጣ አስቧል፤ ስለት አለባት። የደንገጎን መታጠፊያ ሲወርድ ፍሬኑ እንዳይግል በዝቅተኛ ማርሽ ሞተሩ ራሱ እንዲይዘው፣ ሳይመሽ እንዲመለስ፣ የነጠላዋ ጫፍ ሰንሰለቱ ውስጥ እንዳይገባ በደንብ እንድትቋጥረው ነገርኩት። ሁለተኛ ሄልሜት ከሌለ በአውቶቡስ ትሂድ አልኩት፤ ስለቷ በዚያ አይጎድልም። ትንሽ ተከራከረኝና ዝም አለ። ሄልሜቱን እኔ ልገዛ ተስማምተናል። ማሰሪያው አገጯ ሥር ይጠብቅላት እንደሆነ ግን ራሷ መጥታ መሞከር አለባት።