ከሲኒማ ቤት ደጃፍ ላይ የሚሰጥ ፍርድ

ሰው ፊልም አይቶ ሲወጣ ከሚናገራቸው አጫጭር ቃላት መካከል «ደስ አለኝ» እና «ያምራል» የሚሉት በአንድ ትንፋሽ ቢባሉም ፍቺያቸው ይለያያል። በመጀመሪያው ደስታው በተናጋሪው ላይ የደረሰ ነገር ሆኖ ስለሚቀርብ፣ ደስ ያለውን ሰው «ተሳስተሃል» ብሎ መሟገት አይቻልም፤ ሁለተኛው ግን ውበቱን ለራሱ ለፊልሙ ስለሚሰጠው፣ ሌላው ተመልካች «የቱ ላይ ነው የሚያምረው?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ከሆሊዉድ አዲስ በወጣ ፊልም ላይ የሚሰነዘር አስተያየት፣ የቱንም ያህል በችኮላ ቢነገር፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለተኛው ወገን ነው፤ ተናጋሪው ሲጠየቅ «ምርጫዬ ነው» ብሎ ወደ መጀመሪያው የሚያፈገፍገውም የተናገረው ቃል ምክንያት እንደሚያስጠይቀው ስለሚያውቅ ነው።

ጀርመናዊው ፈላስፋ ኢማኑኤል ካንት እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው፣ ስለ ሰው የመፍረድ ችሎታ በሚመረምረው መጽሐፉ ይህንኑ ልዩነት በወይን ጠጅ ያስረዳል። የካናሪ ደሴቶች ወይን ይጥማል ያለ ሰው «ለአንተ ይጥምሃል በል እንጂ» ተብሎ ቢታረም ቅር አይለውም፤ «ውብ ነው» ያለ ግን፣ ማንንም የሚያስገድድበት ማስረጃ በእጁ ባይኖርም፣ ሌሎች እንዲስማሙለት ይጠብቃል። ከካንት በፊት ስኮትላንዳዊው ዴቪድ ሂዩም፣ እ.ኤ.አ. በ1757 ስለ ጣዕም መለኪያ በጻፈው ድርሰት (ጣዕም ሲል የጥበብን ሥራ መልካምና ክፉ የመለየት ችሎታን ማለቱ ነው) ከሴርቫንቴስ ልቦለድ አንድ ታሪክ ተውሶ ነበር። ሁለት ቀማሾች ከአንድ በርሜል ቀምሰው፣ አንዱ ወይኑ መልካም ሆኖ ቆዳ ቆዳ ይላል፣ ሌላው ብረት ብረት ይላል ብለው ቢፈርዱ ተሳቀባቸው፤ በርሜሉ ሲገለበጥ ግን የቆዳ ማሰሪያ ያለው ቁልፍ ከሥሩ ተገኘ።

ፊልም የሚገለበጥ በርሜል የለውም። ቁልፉን በቁጥር ውስጥ ለማግኘት የሚሞክሩ ብዙ ናቸው፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1998 የተመሠረተው ሮትን ቶሜቶስ የተባለው ድረ ገጽ የሚያወጣው በመቶኛ የተሰላ ውጤት የሚያሳየው ከሃያሲዎቹ ስንቱ በጎ አስተያየት እንደሰጡ ብቻ ነው። መቶ ሃያሲያን «ደህና ነው፣ አይከፋም» ቢሉ ፊልሙ መቶ በመቶ ያገኛል፤ ሰባው ሕይወታቸውን የለወጠ ሥራ ነው ብለው ሠላሳው ቢጠሉት ግን ሰባ ላይ ይቀራል። ቁጥሩ የተስማሚዎቹን ብዛት እንጂ የፍርዳቸውን ጥልቀት አይናገርም፤ ምክንያታቸውንማ ጨርሶ አይነግርም።

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2023 ለእይታ የቀረበውና በቀጣዩ ዓመት ሰባት የኦስካር ሽልማቶችን ያገኘው የክሪስቶፈር ኖላን «ኦፔንሃይመር» ለዚህ ነገር ጥሩ መፈተኛ ነው። ሦስት ሰዓት ስለሚፈጅ «ረዘመ»፣ ስብሰባና ምርመራ ስለሚበዛበት «ወሬ በዛበት» ያሉ ነበሩ፤ በእነዚህ ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም። ሌሎች ግን የአቶም ቦምቡን ሥራ ስለመራው ሰው በሚተርክ ፊልም ውስጥ ሂሮሺማና ናጋሳኪ አይታዩም፣ የሞቱት ጃፓናውያንም ፊት የላቸውም ብለው ተቃወሙ። ይህ የስሜት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ወደ ፊልሙ የሚያመለክት ጣት ነውና እውነትነቱን ማንም አይቶ ሊያረጋግጥ ይችላል። የሚያከራክረው የሞቱት አለመታየታቸው ጥፋት መሆን አለመሆኑ ነው።

ኖላን የፊልሙን ጽሑፍ በኦፔንሃይመር አንደበት፣ ራሱ እንደሚናገር አድርጎ ጽፎታል፤ ባለቀለሙ ክፍል በአመዛኙ እርሱ ያየውንና የተሰማውን ብቻ ይዞ የሚሄደው ስለዚህ ነው። ከሂሮሺማ በኋላ፣ ቦምቡ በተሠራበት በሎስ አላሞስ ባለ አዳራሽ የተሰበሰቡ ባልደረቦቹ እግራቸውን እየደበደቡ ሲጮኹለት ድምፁ በድንገት ይጠፋል፤ ነጭ ብርሃን ይሞላል፤ ፊት ለፊቱ ያለችው ወጣት የፊቷ ቆዳ እየተላጠ ይነሣል፤ እርሱም መውጫውን ሲፈልግ ከሰል የሆነ አስከሬን ይረግጣል።

ሂዩም ከእውነተኛ ዳኛ ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ አእምሮን ከአድልዎ ማጽዳት ነው። ይህ ተገቢ መስፈርት ቢሆንም፣ ፊልሙ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 መጨረሻ ጃፓን ሲደርስ፣ ቤተሰቡን በቦምቡ ያጣ ተመልካች ስለ ቀረው ነገር ቢናገር፣ ሐዘኑ ከዳኝነት ወንበር ያስነሣዋል ማለት ግን ታላቅ ስሕተት ነው። ቆዳ ቆዳ ይላል ያለው ቀማሽ የተሳቀበት ሌሎች ያልቀመሱትን ስለቀመሰ ነበር፤ ሐዘንም እንደዚሁ ሌላው ዓይን የሚያልፈውን ጉድለት ያሳያል። ይሁን እንጂ ሐዘንተኛውም ቢሆን ምክንያቱን ከፊልሙ ውስጥ ማሳየት ይጠበቅበታል፤ የሚያሳየውም አለው። በአዳራሹ ውስጥ ቆዳዋ የሚላጠው ወጣት ከኦፔንሃይመር ሰዎች አንዷ ናት። አንዱ ተመልካች፣ ሰውዬው ጥፋቱን ሊያስብ የቻለው በሚያውቀው ፊት ላይ ብቻ መሆኑን ፊልሙ በሐቀኝነት አሳይቷል ይላል፤ ሌላው ደግሞ እዚያችው ወጣት ላይ ጣቱን አድርጎ፣ በሂሮሺማ የተቃጠለችው እርሷ አልነበረችም ይላል።