ከሰይፍ ወደ ማዕድ

በጣና ሐይቅ ላይ ባለችው በደቅ ደሴት ዳር ቆሞ ወደ ደጋ እስጢፋኖስ ገዳም የሚመለከት ሰው አንድ ጥያቄ ይመጣበታል፤ ለአገሩ ደሙን ለማፍሰስ የቈረጠ ወታደር፣ ጦሩ ሲያበቃ ሕዝብን በብዕርና በፍርድ ለማገልገል የተዘጋጀ ነውን?

ራስ አበበ አረጋይ በሸዋ የኢጣሊያን ወራሪ ጦር አምስት ዓመት ከተዋጉ በኋላ፣ በ1933 ዓ.ም. ነፃነት ሲመለስ የአዲስ አበባን አስተዳደር ተረክበው እስከ ሚኒስትርነት ደረሱ፤ በምሥራቅ ጐጃም የተጋደሉት ደጃዝማች በላይ ዘለቀ ግን፣ የቢቸና ገዥነት ቢሰጣቸውም ከመንግሥት ጋር ተጋጭተው በ1937 ዓ.ም. በስቅላት ሞቱ። የሁለቱም ጀግንነት ሳያጠራጥር ጎዳናቸው የተለያየው፣ ጦር ሜዳ ቈራጥነትን ሲያስተምር ሹመት ግን ትዕግሥትንና ለሕግ መገዛትን ስለሚሻ፣ ይህንንም ሁሉ ልብ በአንድ ጀምበር ስለማይማረው ይመስለኛል።

ደጋ በስሙ የተጠራለት ቅዱስ እስጢፋኖስ፣ ቀዳሜ ሰማዕት ከመባሉ አስቀድሞ፣ ከሰባቱ ዲያቆናት አንዱ ሆኖ ለመበለታት ማዕድ እንዲያገለግል የተመረጠ ነበር፤ ዲያቆን ማለትም አገልጋይ ማለት ነው። እንግዲህ ነፍስን በአንድ ቀን አሳልፎ መስጠት ታላቅ ጸጋ ቢሆንም፣ ዕድሜን በየዕለቱ ቈርሶ ለድኻ ማካፈል ከዚያ አያንስም፤ አገርም ለአርበኛዋ ማዕረግን ብቻ ሳይሆን የአዲሱን አገልግሎት ትምህርት ጭምር ልትሰጠው ይገባታል።